አራት በአራት ሜትር አደራ

ስታቲስቲክስ እንደምማር ለእናቴ ያስረዳኋት ሦስተኛ ዓመት ከደረስኩ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ለጎረቤት ሁሉ «ሐኪም ልትሆን ነው» እያለች ታወራ ነበር። ነጭ ጋውን ለብሼ እንደማልመጣ ሲገባት «ታዲያ ምን ልትሠሪ ነው?» አለችኝ። «ልቆጥር» አልኳት። «ምኑን?» «ያዘዙኝን ሁሉ።» ትንሽ አሰበችና «እሱንማ እኔም ሳልማር እቆጥራለሁ» አለች። ቆቦ ገበያ ሽንኩርት ስትሸጥ ያረጀች ሴት ናት።

ከተመረቅሁ ወዲህ በእርግጥም ያዘዙኝን ሁሉ ስቆጥር ኖሬያለሁ። መጀመሪያ የወባ ሕሙማንን ቆጠርኩ። ጎርፍ ከወረደ በስንተኛው ሳምንት የሕሙማኑ ወረፋ እንደሚረዝም የሚገምት ሠንጠረዥ ሠርቼ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ቀጥሎ ከትምህርት የሚቀሩ ልጆችን፣ ከዚያ ደግሞ በዋናው መንገድ ላይ የሚጋጩ መኪኖችን ቆጠርኩ። መምህሮቻችን «የእናንተ ሙያ እንደ ጨው ነው፤ የማይገባበት ወጥ የለም» ይሉን ነበር። ጨው ብቻውን እራት እንደማይሆን ግን አልነገሩንም። አንዱ ፕሮጀክት ሲያልቅ ሌላ እየፈለግሁ፣ ኮንትራት በኮንትራት ላይ እየፈረምኩ፣ የሰውን ችግር በቁጥር ስጽፍ ዓመታት አለፉ። ደክሞኛል። ይህንንም የምጽፈው ደክሞኝ ነው፤ አንባቢ ብርታት ከኔ እንዳይጠብቅ።

የሰፈራችን የባጃጅ ሹፌር ጠዋት ቢሮ ሲያደርሰኝ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አለው፦ «ዛሬ ማን ያሸንፋል?» የእንግሊዝ ኳስ ማለቱ ነው፤ ይወራረዳል። አላውቅም ስለው «ታዲያ ምኑን ተማርሽው?» ይለኛል። አንድ ቀን ጊዜ ወስጄ አስረዳሁት። እኛ የምናሰላው የአንድን ነገር የመሆን ዕድል ነው፣ ውጤቱንማ ማንም አያውቅም አልኩት። ሹፌሩ መስተዋቱ ውስጥ አየኝና «እንዲህማ ከሆነ እኔም ሳላሰላ አላውቅም» አለኝ። ቀኑን ሙሉ ሳቄ እየመጣ አስቸገረኝ።

አሁን የማወራው ግን ስለ ማሽላው ነው።

ፕሮጀክቱ የመጣው ከአዲስ አበባ ነው። ማሽን ለርኒንግ የሚሉትን ይዞ መጣ። ማሽን ሲባል የወረዳው ሰው ትራክተር መስሎት ነበር፤ ነገሩ ግን ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ስሌት ነው። ለስሌቱ ከሰማይ በሳተላይት የተነሣ የማሳ ፎቶ ይሰጠዋል፤ ከምድር ደግሞ እኛ የመዘንነው የማሽላ ክብደት ይነገረዋል። ፎቶውንና ክብደቱን እያስተያየ ይማራል። ከበቃው በኋላ ያልተመዘነውን ማሳ በፎቶው ብቻ ይገምታል። እህል የሚጎድለው የትኛው ቀበሌ እንደሆነ ቀድሞ ከታወቀ እርዳታው ሰው ሳይራብ ይደርሳል። ሐሳቡ መልካም ነው። ዛሬም መልካም ነው እላለሁ።

ስሌቱን የሠራው ባለሙያ ከኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ትሑት፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሣ ልጅ ነው። እሱ ሰማዩን ያዘ፣ እኔ ምድሩን። የምድሩ ሥራ እንዲህ ነው፦ ታብሌቱ በዕጣ አንድ ነጥብ ያወጣል። ነጥቡ ያረፈበት ማሳ እሄዳለሁ። አራት የብረት ችንካር ተክዬ፣ በገመድ ዙሪያውን አስሬ፣ አራት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ ካሬ አበጃለሁ። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ በየሁለት ሳምንቱ ካሬውን ብቻ ፎቶ ያነሣል። ሲደርስ እኔ ተመልሼ የካሬውን ማሽላ አጭጄ፣ ወቅቼ፣ እመዝናለሁ። በጦርነቱ ጊዜ የቆዩት የምርት መዝገቦች ስለጠፉ ማሽኑ ከነዚህ ካሬዎች ሌላ የሚማርበት ብዙ ነገር አልነበረውም።

ሥልጠና ላይ አንድ ሕግ ደጋግመው ነግረውናል። ካሬው ከቀረው ማሳ ተለይቶ መታየት የለበትም። ገበሬው ለማሳው የሚያደርገውን ለካሬው ያድርግ፤ ለማሳው የማያደርገውን ለካሬውም አያድርግ። ያኔ ካሬው የማሳው ምስክር ይሆናል። ሕጉን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ለሌሎችም አስተምሬዋለሁ።

ነገር ግን ካለፈው ዓመት ሙከራ የቀረብኝ ፍርሃት ነበር። ያኔ በጎብዬ ዙሪያ ከተከልናቸው ካሬዎች ገሚሱ ሳይመዘን ጠፋ። አንዱን የመንገደኛ ግመል ግጦት አለፈ፤ የአንዱን እሸት ከብት ጠባቂዎች ጠብሰው በሉት። አንድ ባለማሳ ደግሞ አራቱን ችንካር ነቅሎ ፍየል ሲያስርበት አገኘነው። «ብረቱ ለምን ዝናብ ይምታው ብዬ ነው» አለን። ቢሮ ውስጥ የተወቀስኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ በዚህኛው ዓመት ከመሄዴ በፊት ለራሴ፣ ዘንድሮ አንዲት ካሬ አታመልጠኝም አልኩ።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ከሮቢት ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቆላው በሞተር ወረድኩ። በዚያ ቀበሌ ዘጠኝ ካሬ ነበረኝ። ቀበሌው የጉድጓድ ውኃ የለውም። ሰዉ የሚያርሰው ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ ጠልፎ ማሳው ላይ እየለቀቀ ነው። ጎርፉ ከመጣ ይበላሉ፤ ከቀረ ቀረ።

አንደኛው ካሬ ያረፈው ጢማቸውን በሒና ያቀሉ አንድ ሽማግሌ ማሳ ላይ ነበር። ከሳቸው ጋር ሁለተኛ ልጃቸውና የልጁ ሚስት አሉ፤ ሚስትየው ሕፃን አዝላለች። የመጀመሪያው ልጃቸው በአፋር በኩል ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ ወደ ዐረብ አገር ብሎ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ ወሬው የለም። ይህን ያወቅሁት እኔ ችንካር ስመታ ሽማግሌው ገመዱን እየያዙልኝ ስናወራ ነው።

«ይቺ ለምን ትሆናለች?» አሉኝ፣ ካሬዋን እያዩ።

«አባቴ፣ ዘንድሮ ማሽላው እንዴት እንደያዘ የሚታወቀው በዚች ነው። ሲደርስ መጥቼ እመዝናታለሁ።»

«ከዚህ ሁሉ ማሳ በዚች?»

«በዚች።»

ዙሪያዋን በእርምጃ ለኩ። እኔ መሣሪያዬን ሰብስቤ ተነሣሁ። ግመሉም፣ እሸት ጠባሹም፣ የፍየሉ ባለቤትም በዓይኔ ላይ መጡብኝ። «አደራ አባቴ» አልኳቸው፤ «ይቺን ቦታ ይጠብቁልኝ።»

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «በኔ ጣይው ልጄ። አደራ አማና ነው።»

በዘጠኙም ማሳ ላይ ይህንኑ ብያለሁ። የጉድጓድ ውኃ ባላቸው ቀበሌዎችም ብያለሁ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ የሚባልበት አገር ተወልጄ አድጌ፣ ቃሉን እንደ ደኅና ዋሉ ጣል አድርጌው ሞተሬን አስነሣሁ።

ዝናቡ ነሐሴ ሳያልቅ ቆመ። መስከረም ላይ ሰማዩ እንደ ጥር ሆነ። ከተማ ውስጥ ሆኜ ነገሩን የተረዳሁት ከባጃጁ ሹፌር ነው፤ ስለ ኳስ መጠየቁን ትቶ «ዝናብ ይመጣ ይሆን?» ይለኝ ጀመር። ዕድሉ ትንሽ ነው አልኩት። ይህን ጊዜ አላሾፈብኝም።

ኅዳር ላይ ለአጨዳ ወረድኩ። የሽማግሌው ማሳ ላይ የደረስኩት ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን ነው፤ በዚያ ሳምንት ዘጠነኛዬና የመጨረሻዬ ነበር። ካሬው ውስጥ ያለው ማሽላ ራሱ ከብዶት ጎንበስ ብሏል። ዙሪያውን ያለው ማሳ ቀጭኗል፣ ግማሹ ራስ አላወጣም፣ ያወጣውም ገለባ ነው። አየሁ። አላየሁም አልልም። በሌሎቹም ማሳዎች ከዚህ ያነሰ ቢሆንም ተመሳሳይ ነገር አይቼ ነበር። ግን ወገቤን ያመኝ ነበር፣ ውኃዬም አልቆ ነበር። መመሪያው የሚለው ካሬውን መዝኚ ነው። ዕጣው ጥሩ ቦታ ላይ ጥሎታል፣ ይህም ያጋጥማል ብዬ መዘንኩና የወጣውን ቁጥር ጻፍኩ። አንድ ጥሩ ካሬ ዕድል ነው። ዘጠኝ ጥሩ ካሬ ግን የሆነ ነገር እየነገረኝ ነበር፤ ይህን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪም ያውቀዋል። እኔ ተመርቄበት አልሰማሁትም።

ታኅሣሥ ላይ ስሌቱን የሠራው ባለሙያ ቆቦ መጥቶ የስሌቱን ውጤት በአንድ ሆቴል አዳራሽ አሳየን። ከየቀበሌው ጥቂት ካሬዎችን ከማሽኑ ደብቆ ነበር፤ ከዚያ እነሱን ገምት ብሎ ፈተነው። ማሽኑ የተደበቁትን አንድ በአንድ፣ ለጥቂት ብቻ እየተሳሳተ ገመተ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። የሽማግሌው ቀበሌ ካርታው ላይ አረንጓዴ ነበር፤ «ደኅና» ማለት ነው። ዝናቡ ከመቆሙ በፊት የተነሣው የሳተላይት ፎቶም አረንጓዴ ያሳያል። ከሰማይ ሲታይ ማሽላውና ያለማንም እርዳታ የሚለመልመው ቅንጨ አረም አንድ ዓይነት ቀለም እንዳላቸው ያነሣ ሰው አልነበረም። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል፤ ማሽኑ ያየው ካሬውን ነው፣ ካሬውን አመሰገነ።

ጥር ላይ የእርዳታው ዝርዝር ወጣ። ያ ቀበሌ የለበትም።

በሳምንቱ፣ በገበያ ቀን፣ ሽማግሌው ቢሮ መጡ። በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ተቆጥተው የመጡ መስሎኝ ነበር። አልተቆጡም።

«ልጄ፣ ምን አጥፍተን ነው?» አሉኝ። «ሰው ላይ አልደረስንም። ማሽላው ቀርቷል፤ ልጁም አገዳውን ለግመል መኖ ሸጦ ጨርሷል። ያልተጻፍነው በምናችን ነው?»

«በስሌቱ ነው አባቴ። ማሽኑ ማሳውን አይቶ ደኅና ነው ብሏል።»

«ማሳዬ መጥቶ አይቶታል?»

«ከሰማይ ነው የሚያየው።»

«ከሰማይ የሚያየውንማ አውቀዋለሁ፤ እሱ እንዲህ አይሳሳትም» አሉ።

ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና የመጡበትን ነገሩኝ። ሁለተኛው ልጃቸው ሊወጣ ነው። በታላቅ ወንድሙ መንገድ፣ በአፋር አድርጎ። «እስከ መጋቢት እጠብቃለሁ፣ ስማችን ከገባ እቀመጣለሁ ብሎኛል። ካልገባ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ሁለተኛ የልጅ ወሬ የምጠብቅበት ዕድሜ የለኝም። ሀቂቃውን ነው የምነግርሽ።»

እስከ መጋቢት ሰባት ሳምንት ነበር።

በማግሥቱ ማሳው ድረስ ሄድኩ። ከታጨደ ቆይቷል፤ የአገዳው ጉቶ፣ ቆረኑ ብቻ ቀርቷል። ግን ካሬው የነበረበት ቦታ ከሩቅ ይለያል፤ እዚያ ያለው ቆረን ወፍራም ነው፣ አፈሩም ንጹሕ። ከማዕዘኑ ተነሥታ እስከ ዋናው ቦይ የምትሄድ ጠባብ የውኃ መሄጃ አየሁ። ስንተክል አልነበረችም።

«ይቺ ምንድን ናት?» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ያሉት ያኔ ነው። «መጨረሻ ላይ የወረደችው ጎርፍ ትንሽ ነበረች፤ ለማሳው አትበቃም። ልጄ ለበሬዎቹ ሣር እናጠጣባት አለኝ። አይሆንም፣ የሰው አማና አለብን አልኩት። በዚች አድርገን ለሷ ሰጠናት።»

የልጃቸው ሚስት ቀጠለችልኝ። ግሪሳ ወፍ ሲመጣ ሌላው ሰው ማማ ላይ ወጥቶ ማሳውን ሁሉ ይጠብቃል። እሷ ግን ሕፃኑን አዝላ ካሬው ጥግ ቆማ ቆርቆሮ ስትመታ ከረመች። «የቀረውን ግሪሳ ጨረሰው» አለችኝ፤ «ከዚች ግን ወላሂ አንዲት ፍሬ አላስነካንም።»

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐይ የመታኝ መስሏት ውኃ አመጣችልኝ። ጠጣሁት። ምንም ሳልነግራቸው ተነሣሁ።

የቀሩትን ስምንት በሁለት ቀን ዞርኳቸው። አንዱ ዙሪያውን በእሾህ አጥሮታል። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አቀንጭራ የሚባለውን አረም ከካሬው ውስጥ ብቻ በእጇ ለቅማለች፤ ለቀረው ጉልበት አልነበራትም። አንዱ የዒድ ጀለቢያውን ለወፍ ማስፈራሪያ ሰቅሎበት ፀሐይ ጨርሶታል። ሁሉም ሲነግሩኝ ይኮሩ ነበር። ሁሉም «አደራ ብለሽን አይደል» አሉኝ። የጉድጓድ ውኃ ባለባቸው ቀበሌዎች ያው ቃል ያመጣው ለውጥ አልነበረም፤ እዚያ ውኃው ለካሬውም ለማሳውም ይደርሳል። እዚህ ግን ያለችው ትንሽ ነበረች፤ ያችን ትንሽ ለኔ ሰጧት።

ለባለሙያው ደወልኩለት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ከዚያ «ፈተናውን ለምን እንዳለፈ አሁን ገባኝ» አለ። «የፈተንኩት በካሬ ነው። የተማረውም ከካሬ ነው። ማሳውን የጠየቀው የለም።» ይቅርታ ጠየቀኝ። እሱ ምን በወጣው! ይቅርታው ከኔ ነበር የሚገባው፤ ግን የደከመ ሰው ሲጠየቅ መቀበል ይቀለዋል፣ ተቀበልኩት።

ዝርዝሩ ሊታረም ይችላል አለኝ፤ ማመልከቻ አለው፣ ቅጹን ላከልኝ። ቅጹ ላይ የስህተቱ ምክንያት ተብሎ ሁለት ሳጥን አለ። አንደኛው «የመረጃ ሰብሳቢ ስህተት» ይላል። ሁለተኛው «የአርሶ አደር ጣልቃ ገብነት» ይላል። አንደኛው ላይ ምልክት ላደርግ እጄን አንሥቼ ነበር፤ እውነቱ እሱ ነውና። ባለሙያው በስልክ አስቆመኝ። መረጃ ሰብሳቢዋ ከተሳሳተች እዚያ ቀበሌ የተከለቻቸው ካሬዎች በሙሉ ይሰረዛሉ፣ ማሽኑም ያን ቀበሌ ከጎረቤቱ ይገምተዋል። ጎረቤቱ ባለ ጉድጓድ ውኃ ነው። አረንጓዴው ይብስ አረንጓዴ ይሆናል። ቀበሌው ሊገባ የሚችለው በሁለተኛው ሳጥን ብቻ ነው፤ ያኔ ዘጠኙ ካሬ ይወጣና ኮሚቴ መጥቶ ሰዉን በዓይኑ ያያል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር፤ ካልጨመርኩት ጽሑፉ ውሸት ነው። አንደኛውን ሳጥን ብመርጥ ኮንትራቴ አይታደስም ነበር። ይህንንም አውቅ ነበር። ባለሙያው ሁለተኛውን ምረጪ ሲለኝ ደረቴ ላይ የነበረ ነገር ቀለል አለኝ። ለቀበሌው ብዬ ይሁን ለእንጀራዬ፣ የቱ ምን ያህል እንደሚመዝን ዛሬም ለይቼ አላውቅም፤ ሚዛን ይዤ እኖራለሁ እንጂ።

በሁለተኛው ሳጥን ሥር የማይለወጥ አንድ ዐረፍተ ነገር ታትሟል፦ «አርሶ አደሩ በናሙናው ላይ በፈጸመው ተገቢ ያልሆነ ጣልቃ ገብነት መረጃው እንዲዛባ ማድረጉን አምኗል።» ከሥሩ የባለማሳው ፊርማ ወይም አሻራ። «ተገቢ ያልሆነ» የሚለው ይውጣ ብዬ ጻፍኩ። የታተመ አይነካም አሉኝ። «በአደራ ተቀብሎ ስለጠበቀው» ብዬ ጎኑ ላይ ጨመርኩበት፤ ቅጹ ተበላሽቷል ብለው መለሱት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። የካቲት አለቀ።

መጨረሻውን አስቀድሜ ልናገር፤ አንባቢ እንዳይጨነቅ። ቀበሌው ገባ። ኮሚቴው መጥቶ ባዶውን ጎተራ አየ፣ ዝርዝሩ ታረመ፣ የመጀመሪያው ስንዴ ሚያዝያ ላይ ደረሰ። ልጁ አልሄደም፤ ይህን ስጽፍ እዚያው ነው። ቢሮው አመስግኖኛል። ኮንትራቴም ታድሷል።

ስምንቱ ሳይጨነቁ ፈረሙ። ባሏ የሞተባት ሴትዮ ማንበብም አልፈለገችም፤ «እህል የሚያመጣ ከሆነ አሥር ጣቴንም አስነኪኝ» አለች። ባለጀለቢያው ሳቀ። ሽማግሌውን የመጨረሻ ያደረግኋቸው መንገዱ ስለሚመች ነው ብዬ ለራሴ ብናገርም ፈርቼ ነው።

ከቤታቸው ፊት፣ ጥላ ሥር ተቀምጠን ወረቀቱን አወጣሁ። ልጁ ከኋላቸው ቆሟል፣ ሚስቱ ደጃፉ ላይ ሕፃኑን ታጠባለች። «አንብቢው» አሉኝ። አነበብኩት።

«እንደገና።»

እንደገና አነበብኩት፣ ቀስ ብዬ።

«ተገቢ ያልሆነ ማለት?»

«ማድረግ... የማይገባ ነገር።»

«እኔ ያደረግሁት?»

«የቢሮ ቋንቋ ነው አባቴ። እንደሱ ካልተባለ አይቀበሉም።»

«ማሽላውን ወፍ ቢበላው ኖሮ እንጻፍ ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር። «አዎ» አልኳቸው።

«ውኃዋን ለሣሩ ብሰጣት ኖሮ?»

«አዎ አባቴ።»

ልጁ መሬት መሬት ያይ ነበር። ሽማግሌው ዞር ብለው አዩት፣ ከዚያ ደጃፉ ላይ ያለችውን፣ ከዚያ ሕፃኑን። ቀኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ቀለሙን አውራ ጣታቸው ላይ ቀባሁ፣ ጣታቸውን ይዤ ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩት። እጃቸው ደረቅና ሙቅ ነበር።

ጣታቸውን አንሥተው ቀለሙን አዩት።

«ዕድሜዬን ሙሉ አማና በልቼ አላውቅም» አሉ። «ዛሬ በላሁ ብዬ ፈረምኩልሽ።»

ጥፋቱ የኔ ነው ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ወረቀቱ ጉልበቴ ላይ ነበር፤ ቀለሙ እስኪደርቅ ጫፉን ይዣለሁ። እዚያ ላይ የሳቸው ጣት እንጂ የኔ ስም አልነበረም።